ፈረስ ለአእምሮ ሕክምና፦ ባለሙያው ከሌለ ግልቢያ ብቻ ነው

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው የሱሉልታ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ፈረሳቸውን ኮርቻ ጭነው መንገደኛ የሚጠብቁ ወጣቶች መታየት ከጀመሩ ሰንብተዋል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ፈረስ መጋለብ ለከተማው ሰው የታወቀ የእረፍት ቀን መዝናኛ ሆኗል። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ባለፈረሱ የዕለት ጉርሱን ያገኛል፣ ጋላቢውም ንጹሕ አየር ተንፍሶ ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሰፈራችን በአፍም በማኅበራዊ ሚዲያም የሚናፈሰው ወሬ፣ አንድ ሰዓት ፈረስ ላይ መቀመጥ ድብርትን እንደሚያርቅ፣ ጭንቀትን እንደሚያስለቅቅ፣ እንዲያውም የሐኪም ቤት ምልልስን እንደሚያስቀር የሚናገር ሆኗል። በሥነ አእምሮ ነርስነት ለረጅም ጊዜ ያገለገልሁ፣ ኑሮዬንም በሱሉልታ ያደረግሁ ሰው በመሆኔ፣ የታመመ ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቼ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉና ልጃችንን ፈረሱ ጋ እንውሰደው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእነሱ የምመልሰውን ለአንባቢም ላካፍል ፈለግሁ። በፈረስ የሚታገዝ የሥነ ልቦና ሕክምና በዓለም ላይ በእርግጥ አለ፣ የሚናቅም አይደለም፤ ነገር ግን የሚያክመው ባለሙያው እንጂ ፈረሱ አይደለም፤ ባለሙያው በሌለበት የሚቀረው ግልቢያ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሕክምናው ኮርቻ ላይ ወጥቶ መጋለብ የሚመስለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚደባለቁበት ነው። አንደኛው ለአካል የሚሰጠው ነው። ፈረስ በእርጋታ ሲራመድ የጋላቢው ዳሌና ወገብ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚንቀሳቀሰው ስለሚንቀሳቀስ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በአንጎል ጉዳት ምክንያት ጡንቻቸው ለተገተረ ሕፃናት ይጠቀሙበታል። በዚህ ዘርፍ ታሪክ ስሟ ሁልጊዜ የሚነሣው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ናት፤ በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ፈረስ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ ሰው እየደገፋት፣ በ1952 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ስፖርት የብር ሜዳልያ አግኝታለች። ለአእምሮ የሚሰጠው ግን መንገዱ ሌላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመውና በአጭር ስሙ ኢጋላ የሚባለው ማኅበር የሚያሠለጥንበት አሠራር፣ ለምሳሌ፣ ጨርሶ ግልቢያ የለበትም፤ የታካሚው እግር ከመሬት አይለቅም።

ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። ታካሚው በአጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ ያለ ኮርቻ ከተለቀቀ ፈረስ ጋር ይገናኛል። አብረውት ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ የሙያ ፈቃድ ያለው የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ነው፣ ሌላው የፈረስን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅና ዐይኑን ከፈረሱ ላይ የማያነሣ ሰው ነው። ለታካሚው የሚሰጠው ትእዛዝ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ወደ ፈረሱ ቅረብ፣ ገመዱን አጥልቅለት፣ በተጋደመው ግንድ ላይ አሻግረህ አምጣው ይባላል። ሕክምናው የሚጀምረው ፈረሱ እምቢ ሲል ነው። አንዱ ታካሚ ገመዱን በኃይል ይጎትታል፤ ሌላው ወዲያው ተስፋ ቆርጦ ዳር ይቀመጣል፤ ሌላው ደግሞ «ጠልቶኝ ነው» ይላል። ባለሙያው ያን ጊዜ ቀስ ብሎ «እንደ ጠላህ በምን አወቅህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጨዋታ ስለ ፈረሱ መሆኑ ይቀርና ስለ አባት፣ ስለ ሚስት፣ ስለ አለቃ ይሆናል። ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሰማውን እንዲናገር ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ በተለይም የሆድን በሆድ መያዝ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት በእኛ አገር ያደገ ሰው፣ ስለ ፈረሱ ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል። በሥራ ዘመኔ «ራሴን ያመኛል» ከሚለው ቃል አልፎ አንዲት ነገር ለማውጣት ወራት የፈጀባቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁና፣ ይህ ዘዴ ለአገራችን ሊጠቅም ይችላል የምለው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ፈረስ ተመረጠ፣ ላም ለምን አልሆነችም የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። (ላሞች የሚያረቡ ጎረቤቴ በቁም ነገር ጠይቀውኛል።) ፈረስ ሣር በልና በመንጋ ኗሪ፣ አራዊት የሚያድኑት እንስሳ በመሆኑ ሕይወቱ የተመሠረተው በዙሪያው ያለውን አስቀድሞ በማወቅ ላይ ነው። ዐይኖቹ በግራና በቀኝ ስለሆኑ ከጥቂት ቦታ በቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል፤ ጆሮዎቹንም አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አድርጎ ለየብቻ ያዞራል። የሰውን ፊት ሳይቀር ይለያል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለ28 ፈረሶች የተቆጣና ደስ ያለው ሰው ፎቶግራፍ ቢያሳዩአቸው፣ የተቆጣውን ሲያዩ የልብ ምታቸው ፈጥኖ ከፍ ማለቱንና ፎቶግራፉን በግራ ዐይናቸው መመልከት ማዘውተራቸውን መዝግበዋል። በጭንቀት የተወጠረ ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ሐኪሙን ሊሸነግል ይችላል፤ ትከሻው ተሰቅሎ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ እርምጃው ፈጥኖ ሲመጣ ግን ፈረሱ ወደ ኋላ ይላል። ሰውየው ሰውነቱን ላላ ሲያደርግ ፈረሱም ይመለሳል። ይህን ወደ ተአምር እንዳንለውጠው ግን እለምናለሁ፤ ፈረስ የሰው ልብ ምሥጢር አይገለጥለትም፣ የሚከታተለው ለራሱ ደኅንነት የሚያሻውን ያህል ነው።

በዐይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ላንሣ፤ የምጽፈውም ባለጉዳይዋን አስፈቅጄ ነው። ከእኔ ግቢ አለፍ ብሎ በጋሪ የሚተዳደሩ አባት አሉ፤ አንድ ዳማ ፈረስ አላቸው። ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ቆይታ የተመለሰች የእኅታቸው ልጅ እሳቸው ዘንድ ተጠግታ ነበር፤ እንቅልፍ አጥታ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች፣ ከሰው ጋር መነጋገር አቁማለች። የሐኪም ክትትል አላት፣ መድኃኒትም ትወስዳለች። አመሻሽ ላይ ፈረሱ ከጋሪው ተፈትቶ ጀርባው በቁራጭ ጆንያ ሲታሽ ዳር ቆማ ትመለከት ነበርና፣ አንድ ቀን አጎቷ ምንም ሳይናገሩ ጆንያውን አቀበሏት። ፈጠን ብላ ስትጠጋው ፈረሱ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጥፎ አንገቱን አዞረባት፤ እሷም ባለችበት ቀረች። አጎቷ «ከፊት ለፊቱ አትምጪበት፤ በጎን በኩል፣ እያናገርሽው ነው የሚኬደው» አሏት። ምን እንደምትለው ጨንቋት ጥቂት ቆየችና «እሺ፣ እሺ» እያለች ከትከሻው ጀምራ ማሸት ያዘች። ላብ የደረቀበት ጠጉር እየተነሣ በመዳፏ ላይ ይቀር ነበር። ፈረሱም ቆይቶ አንዱን የኋላ እግሩን አሳረፈ፣ የታችኛውን ከንፈሩንም ጣለ፤ ይህ ፈረስ ሲረጋጋ የሚያሳየው ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ፈረሱን ማሸት የእሷ ሥራ ሆኗል፤ ከአጎቷም ጋር ሌላው ቢቀር ስለ ፈረሱ ትነጋገራለች፣ ስለ ሰኮናው፣ ስለ ፉርሽካው፣ ጋሪው ስለሚልጠው ትከሻው። ፈረሱ አዳናት አልልም፤ መድኃኒቱም፣ ሐኪሟም፣ የአጎቷም ትዕግሥት አለበት። ሕክምና ነበር ብዬም አልጠራውም። ነገር ግን ያ «በጎን በኩል፣ እያናገርሽው» የሚለው ምክር በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ቢሆን ኖሮ ወዴት ሊያደርሳት ይችል እንደነበር ሳስብ ዘዴውን ለማጣጣል ድፍረቱ የለኝም።

ማስረጃው ምን ይላል የሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ማን ኦ ዋር በተባለው ፕሮጀክታቸው፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ በሚመጣ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩ 63 የቀድሞ ወታደሮችን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንታት በቡድን ከፈረሶች ጋር አክመው ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ከታካሚዎቹም ግማሽ ያህሉ ጎላ ያለ መሻሻል አሳይተዋል። ተስፋ ሰጪ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቱ ያለ ፈረስ የታከመ አነጻጻሪ ቡድን ስላልነበረው፣ ለውጡ የመጣው በፈረሱ ይሁን፣ ከጓደኞች ጋር በመሰባሰብ ይሁን፣ ወይስ ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ በመዋል፣ መለየት አያስችልም። ከዚያ ቀደም በ2014 እ.ኤ.አ. 14 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ የምሁራን ግምገማ ደግሞ፣ በፈረስ የሚሰጡ የአእምሮ ሕክምናዎች በቂ የምርምር ድጋፍ እንደሌላቸው ደምድሟል። ስለዚህ ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ሊረዳ ይችላል ማለት ይቻላል፤ ፍቱን ነው ማለት ግን በያዝነው ማስረጃ አይቻልም፤ በዚህ ስም ገንዘብ መቀበል ደግሞ በችግረኛ ቤተሰብ ላይ መጫወት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጡ ሕሙማን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ ስንለምን ኖረናል፤ ይህን ተረድተው ምእመናንን የሚመክሩ ካህናትም አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያ ሁሉ ልፋት በፈረስ ሰበብ እንደገና ከሥር እንዲጀመር አልፈልግም። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው፣ ወይም ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው ከማንም በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት፤ የሚጥል በሽታው ገና ያልተረጋጋለት ሰውም ወደ ፈረስ እግር አይጠጋም። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ ፈረሱ ታካሚውን እስከ ደጃፍ ያደርሰው ይሆናል፣ ከሕመሙ ጋር የሚታገሉት ግን እሱና ሐኪሙ ናቸው።

ስለ ፈረሱም ሊነገር ይገባል፤ በእኛ አገር ሥራውን እጅግ የሚያከብደው ይህ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሏት። ነገሥታቱ በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን አስጊጦ አደባባይ ያወጣል። በከተማችን ዳር ያለው ፈረስ ግን ከዚህ ክብር ምንም አልደረሰውም። በሰበታም ሆነ በሰንዳፋ ሲሚንቶና ብሎኬት የተቆለለበት ጋሪ ዳገት ሲጎትት፣ ትከሻው ተልጦ ዝንብ ሲወረው፣ አፉ ከሽቦ በተጠመዘዘ ልጓም ሲቆስል እናየዋለን። የግጦሹ ሜዳ በቤት ግንባታ ተይዟል፤ ጭድና ፉርሽካ ደግሞ ባለጋሪው ከሚችለው በላይ ሆኗል። ሲያረጅ ወይም ሲያነክስ አስፋልት ዳር ተለቅቆ ለመኪናና ለጅብ ይተዋል። ባለጋሪውን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው፤ ብዙዎቹ ፈረሳቸውን የሚወዱ፣ ግን ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ከሕክምናው ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግልጽ ነው። በሥራ ብዛትና በዱላ የተጎሳቆለ ፈረስ ቢጮሁበትም ቢገፉትም ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ የማያውቅ ሰው ሲያየው «ምን ያለ ጨዋ ፈረስ ነው» ይላል። ዝምታው ግን እርጋታ አይደለም፤ ምንም ቢያደርግ የሚሰማው እንደሌለ ለምዶ ራሱን መተዉ ነው። ዐይኑ ይፈዛል፣ ጆሮው ለድምፅ አይዞርም፣ ራሱ ወደ መሬት እንደ ዘነበለ ይውላል። ለሕክምናው የሚያስፈልገው ግን ሲከፋው የሚያሳይ፣ ሲፈልግ ዘወር የሚል፣ ሲመቸው የሚመለስ ፈረስ ነው፤ ታካሚው የሚማረው ከእምቢታው ነውና። የተጎዳውን ፈረስ ከጋሪ ፈትቶ በማግሥቱ ለተጎዳ ሰው ማቅረብ ሁለቱንም መበደል ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ ቢያንስ ቁስሉ እስኪድን፣ ሥጋው እስኪመለስ፣ በሰው ላይ ያለው እምነትም እስኪታደስ ድረስ ማረፍ አለበት፤ ለሥራው ብቁ መሆኑን መወሰን ያለበትም የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ረገድ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ሌሎች መሟላት ያለባቸውም አሉ። የፈረስ ፋንድያ ያለበት አፈር የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስ ስለሚገኝበት፣ ታካሚውም ሠራተኛውም ክትባቱን የወሰዱ ሊሆኑ ይገባል፤ ሸራ ጫማ ወይም ነጠላ ጫማ አድርጎ ፈረስ አጠገብ መቆምም አይፈቀድም። ከዚህ ይልቅ በእኛ ሰፈር የሚያሳስበኝ ምሥጢር መጠበቅ ነው። እዚህ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ከፈረስ ጋር ሲታገል ከታየ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ መንገደኛውም ቆሞ ይስቃል፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አይጠፋም። በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለ ነገር በሞባይል ተቀርጾ በየቤቱ ከተሠራጨ፣ ታካሚው ወደ ሐኪም ቤትም ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ቦታው ከመንገድ የራቀና በቅጡ የታጠረ መሆኑ ቅንጦት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲደመር ሥራው የማይሞከር ያስመስለዋል። እኔ ግን በትንሹ ሊሞከር ይችላል ባይ ነኝ፤ ለዚህም ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ገፈርሳ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ትዝ ይለኛል። በማገገሚያ ያሉ ሰዎች ሕመማቸው በመድኃኒት የተረጋጋላቸው፣ ሐኪምና ነርስ በቅርብ የሚያገኙ ናቸው፤ ፈረስና ፈረስ የሚያውቅ ሰውም በአካባቢው አይታጣም። የጤና ባለሥልጣናቱ ከሥነ ልቦና መምህራንና ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ሆነው ጥቂት ፈረሶችን፣ ጥቂት ፈቃደኛ ታካሚዎችን፣ ያለ ፈረስ በተለመደው መንገድ የሚታከም አነጻጻሪ ቡድንም ይዘው ቢጀምሩ፣ ቢያንስ ለእኛ ሰው ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ በራሳችን ዐይን እናያለን። ፈረሶቹን የሚይዙትም ባጃጅ ገበያቸውን የወሰደባቸው ባለጋሪዎች ቢሆኑ መልካም ነው። ባለጋሪው ማንበብ ባይችል እንኳ የፈረሱን ጆሮ ያነባል፤ ከባለሙያው ጎን ቆሞ «አሁን ይብቃው፣ ፈረሱ ሰልችቷል» ማለት የሚችለው እሱ ነው። ደመወዙም በጋሪ ከሚያገኘው ያላነሰ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ግን ፈረሱ ጠዋት ብሎኬት ሲጎትት ውሎ ከሰዓት በኋላ ለሕክምና መቅረቡ አይቀርም።

ክፍያውንም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሥራው በግል ድርጅቶች እጅ ብቻ ከተተወ፣ ለእረፍት መጥተው ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚመለሱ ባለጸጎች መዝናኛ ሆኖ ይቀራል፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ከስደት የተመለሱትና ጦርነት ያፈናቀላቸው ግን በአጥሩ ውጭ ይቆማሉ።

እስከዚያው ድረስ ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ ፈረስ አከራይቶ «ሕክምና» እያለ የሚያስተዋውቅ ማንም ሰው የባለሙያውን የሥራ ፈቃድና የፈረሱን የጤና ምርመራ ወረቀት እንዲያሳይ ቢያስገድድ፣ ማሳየት ያልቻለውም «የፈረስ ግልቢያ» ብሎ እንዲጽፍ ቢያዝ ማንም አይጎዳም፤ ባለፈረሱም ደንበኛ አያጣም። የእናንተም ጋዜጠኞች ስለዚህ ጉዳይ በሚዘግቡበት ጊዜ የጋላቢውን ፈገግታ ብቻ ፎቶግራፍ አንሥተው ከመመለስ ይልቅ፣ ታካሚውን ማን እንደሚከታተለው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ስለ መሆኑ፣ ከኮርቻው በታች ያለው የፈረሱ ጀርባም ምን እንደሚመስል ጠይቀው እንዲጽፉልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ከሱሉልታ
(የጸሐፊው ሙሉ ስምና አድራሻ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል)